ጠይብና ጠቢብ፤ ስለ መካኒክ ሙያ በተጻፈ አንድ መጽሐፍ ላይ የቀረበ ሂስ

ማቲው ክሮፎርድ የተባሉ አሜሪካዊ ደራሲ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2009 «ሾፕ ክላስ አዝ ሶልክራፍት» የተሰኘ መጽሐፍ አሳትመዋል። አርእስቱ በአማርኛ «የእጅ ሥራ ክፍል ነፍስን ሲያንጽ» ቢባል ከአሳቡ ብዙ አይርቅም። ደራሲው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በፖለቲካ ፍልስፍና የዶክትሬት ማዕረግ የተቀበሉ፣ በኋላም በዋሽንግተን የአንድ ጥናት ድርጅት ዲሬክተር ሆነው ለጥቂት ወራት የሠሩ ሰው ናቸው። ይህንን ሥራ ትተው በቨርጂኒያ ክፍለ አገር በሪችመንድ ከተማ የሞተር ብስክሌት መጠገኛ ጋራዥ ከፈቱ። መጽሐፉም የዚህ ምርጫ መከላከያ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

መጽሐፉ ብዙ አንባቢና ብዙ ምስጋና አግኝቷል። ምስጋናውም አብዛኛው የሚገባው ነው። ሆኖም ከተመሰገነው ይልቅ ያልተጠየቀው ጥያቄ ለእኛ ለተማሪዎች የበለጠ ይጠቅመናል። ጥያቄው ይህ ነው፤ ሰው መካኒክ የሚሆነው እንዴት ነው? ክሮፎርድ የመካኒክን ክብር በሚገባ ገልጸዋል፤ ክብሩን ያስገኘው ዕውቀት ለማን፣ በምን መንገድና በየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚተላለፍ ግን እምብዛም አልተናገሩም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ጉድለት በአሜሪካ የኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ከሚሰጠው የአውቶሞቢል ቴክኒሺያን ትምህርት ጋር እያስተያዩ መመርመር፣ ከዚያም ለአገራችን ያለውን ትርጉም ማመልከት ነው።

፩. የመጽሐፉ አሳብ

ደራሲው የሚነሡት ከአንድ የታወቀ ነገር ነው። በ1990ዎቹ የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን «ለዕውቀት ሥራ» እናዘጋጃለን በማለት የእጅ ሥራ ክፍሎቻቸውን እየዘጉ መሣሪያዎቹን ሸጡ፤ በቦታቸውም ኮምፒዩተር አስገቡ። ደራሲው የዚህን ሥር ፍለጋ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። በ1917 የወጣው የስሚዝና ሂዩዝ ሕግ ለሙያ ትምህርት የመንግሥት ገንዘብ ሲመድብ የሙያውን ትምህርት ከጠቅላላው ትምህርት ለይቶ እንዳቆመው ይገልጻሉ። ፍሬድሪክ ቴይለር የተባለው መሐንዲስም የማሰቡን ሥራ ከሠራተኛው እጅ አውጥቶ ወደ ዕቅድ ቢሮ ለማዛወር እንዴት እንደ ደከመ ያብራራሉ። እንግዲህ በእርሳቸው አስተያየት እጅና አእምሮ የተለያዩት በተፈጥሮ አይደለም፤ ሰዎች ለይተዋቸው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚያስረዱት ጥገና ራሱ ማሰብ መሆኑን ነው። አናጢ የሚሠራውን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቀዋል፤ መካኒክ ግን ሌላ ሰው የሠራውን፣ ሌላ ሰው የነዳውንና ሌላ ሰው ያበላሸውን ነገር ይረከባል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለግበት ትኩረትና ትሕትና ነው። መኪናው የመካኒኩን መላ ምት አክብሮ አይነሣለትም፤ መላ ምቱ ስሕተት ከሆነ ሞተሩ ዝም ይላል። ደራሲው «ሶፊያ» የሚለው የግሪክ ቃል፣ ዛሬ ጥበብ ብለን የምንተረጉመው፣ በሆሜር ዘመን የአናጢን የእጅ ችሎታ ጭምር ያመለክት እንደ ነበር ያስታውሳሉ። አማርኛ ተናጋሪ አንባቢ ይህንን ሲያነብ ቆም ማለቱ አይቀርም፤ ነገሩን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

፪. የመጽሐፉ ኃይል

ጥገና ማሰብ ነው የሚለው አሳብ እውነት መሆኑን ከደራሲው ምሳሌ ውጪ በሆነ በአንድ የዕለት ሥራ መፈተን ይቻላል። ከ1996 ወዲህ በአሜሪካ ገበያ የሚሸጥ ማንኛውም የቤት መኪና ጉድለቱን በቍጥር የሚናገርበት አንድ ዓይነት የመመርመሪያ ሥርዓት እንዲኖረው ተደንግጓል። ሞተሩ ሲያንቀጠቅጥ መካኒኩ መመርመሪያውን ያገናኝና «ፒ 0301» የሚል ምልክት ያነባል። ትርጉሙ በአንደኛው ሲሊንደር ውስጥ እሳት በአግባቡ አልተነሣም ማለት ነው። ያልሠለጠነ ሰው መሣሪያው በሽታውን ነገረኝ ብሎ ወዲያው ዕቃ ይገዛል። መሣሪያው የነገረው ግን የሕመሙን ምልክት እንጂ ምክንያቱን አይደለም። ምክንያቱ ካንዴላው፣ ወይም እሳት የሚልክለት ኮይል፣ ወይም ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተር፣ ወይም የሲሊንደሩ የእመቃ ኃይል መዳከም ሊሆን ይችላል።

የሠለጠነው መካኒክ ምንም ሳይገዛ የአንደኛውን ሲሊንደር ኮይል ወደ ሦስተኛው፣ የሦስተኛውን ወደ አንደኛው ያዛውራል፤ ምልክቱንም ያጠፋና ሞተሩን ያስነሣል። አሁን «ፒ 0303» ከወጣ ጥፋቱ ከኮይሉ ጋር ስለ ሄደ ኮይሉ ተፈረደበት። «ፒ 0301» ከተመለሰ ግን ኮይሉ ነጻ ነው፤ ምርመራው ወደ ካንዴላው ያልፋል። ይህ ሥራ በሳይንስ ፋኩልቲ ላቦራቶሪ ከምንማረው ሙከራ በምን ይለያል? መላ ምት አለ፤ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ የቀረውን እንደ ነበረ መተው አለ፤ ውጤቱን አይቶ መፍረድም አለ። ልዩነቱ የመካኒኩ እጅ በዘይት መቆሸሹ ብቻ ነው። አባቶቻችን «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ሲሉ የተናገሩት ይኸንኑ ነው። ክሮፎርድ ይህንን ለተማሩ ሰዎች በተማሩ ሰዎች ቋንቋ ማስረዳታቸው ከፍ ያለ አገልግሎት ነው።

፫. ያልተነገረው ትምህርት ቤት

ጉድለቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ክሮፎርድ ገና በልጅነታቸው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ረዳት ነበሩ፤ በዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምረዋል፤ የቮልክስዋገን ሞተር አዋቂ የሆነ መካኒክ አግኝተውም ከእርሱ ሥር ተምረዋል። አባታቸው የፊዚክስ ሊቅ ነበሩ፤ የአባታቸው ንድፈ አሳብ አሮጌ መኪናቸውን ለማስነሣት እንዳልጠቀማቸውም በቀልድ ይተርካሉ። ቀልዱ መልካም ነው። ነገር ግን ፊዚክሱን ንቆ ለማለፍ አስቀድሞ ፊዚክሱ ቤት ውስጥ መኖር ነበረበት። አባቱ ሊቅ ያልሆነ፣ አጎቱ ጋራዥ የሌለው፣ አዋቂ መካኒክም በራሱ ዕድል ያላገኘ ወጣት ይህንን ዕውቀት ከየት ያገኘዋል?

በአሜሪካ ለዚህ ጥያቄ ያለው ዋና መልስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ደራሲው በመንገዳቸው ላይ ያነሡታል እንጂ ቆመው አይመረምሩትም። እንዲህ ያለው ኮሌጅ ከሁሉ የቀደመው በ1901 በኢሊኖይ በጆሊየት ከተማ ተቋቋመ፤ በ1947 ፕሬዚዳንት ትሩማን የሰየሙት ኮሚሲዮን ከመከረ በኋላ በመላው አገር ተስፋፋ፤ ዛሬ ቍጥሩ አንድ ሺህ ያህል ይሆናል። በሩ ሁለተኛ ደረጃን ለጨረሰ ሁሉ ክፍት ነው፤ ክፍያው ከአራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ያነሰ ነው፤ በብዙው ዘንድ ቀን የሚሠራ ሰው በማታ ሊማር ይችላል። የአውቶሞቢል ቴክኒሺያን ሊሆን የገባ ተማሪ እንደ ልማዱ በሁለት ዓመት ውስጥ ሞተርን፣ ካምቢዮን፣ ፍሬንን፣ መሪንና ባሌስትራን፣ የኤሌክትሪክ መሥመርን፣ ማቀዝቀዣን ሁሉ በየተራ ይማራል። ዲፕሎማውን ለማግኘትም የእንግሊዝኛ ድርሰትና ሒሳብ አብሮ ይወስዳል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ በአሌክሳንድሪያ ያለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና በሮክቪል ያለው የሞንትጎመሪ ኮሌጅ ይህንን ትምህርት ይሰጣሉ። እንግዲህ ነገሩ ለእኛ ወገኖችም ሩቅ አይደለም።

ከ1979 ጀምሮ የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ፣ ከእርሱም በኋላ ፎርድና ቶዮታ፣ ከእነዚህ ኮሌጆች ጋር ተዋውለው ተማሪው ጥቂት ጊዜ በክፍል፣ ጥቂት ጊዜ በኩባንያው ጋራዥ ደመወዝ እያገኘ እንዲማር አድርገዋል። በዚህ ውል ላይ ሊነሣ የሚገባ ተቃውሞ አለ። ተማሪው የአንድ ኩባንያ መኪናና የአንድ ኩባንያ መመርመሪያ ብቻ ለምዶ እንዳይቀር ያሠጋል። ሆኖም ክሮፎርድ ተለያዩ ብለው ያዘኑላቸው እጅና አእምሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንድ ሰው ላይ የሚገናኙት እንዲህ ባለው ትምህርት ነው። ስለ ሥራ ክብር የተጻፈ መጽሐፍ ይህንን በጥቂት መሥመር ማለፉ ያስደንቃል።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ደራሲው ስለ ቸልተኛ መካኒክ ሲናገሩ ነገሩን አብዝተው ወደ ጠባይ ይወስዱታል፤ ቸልተኛው ሰው ለነገሩ የማይጨነቅ፣ ልቡን የማይሰጥ ነው። ራሳቸው ግን ብዙ ዘመን ቆሞ የኖረ የሆንዳ ሞተር ብስክሌት ሲጠግኑ በአንዲት የዘይት መከላከያ ጎማ ተጠምደው ሰዓት እንዳባከኑ፣ በኋላም ለባለቤቱ የስንት ሰዓት ሒሳብ እንደሚጽፉ መቸገራቸውን ይነግሩናል። ይህ ምዕራፍ ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጥ የታመነ ነው። ይሁን እንጂ እርሳቸው ሒሳቡን ለመጻፍ ነጻ የነበሩት የጋራዡ ባለቤት ስለሆኑ ነው። በአሜሪካ በትልልቅ ጋራዦች የሚሠራው ቴክኒሺያን ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው በተቈረጠ ሰዓት ነው። ለአንድ ሥራ ሦስት ሰዓት ተብሎ በመጽሐፍ ከተወሰነ በሁለት ቢጨርሰውም በአምስት ቢጨርሰውም የሦስት ሰዓት ይከፈለዋል። መሣሪያውንም በገዛ ገንዘቡ ይገዛል። ዕቃ መለወጥ በዚህ ሒሳብ ይከፍላል፤ ቆሞ ማሰብ ግን ብዙ ጊዜ አይከፍልም። እንግዲህ ከላይ ያየነውን የኮይል ሙከራ ትቶ ዕቃ በዕቃ ላይ የሚለውጠው ሰው ሁሉ ልበ ቢስ ነው ብሎ መፍረድ ይከብዳል። የማሰብ ልማድ ከጠባይ ብቻ አይመጣም፤ ለማሰብ ጊዜ ከሚሰጥ ቦታም ይመጣል። ተማሪው ተሳስቶ የማይቀጣበትና ደመወዙ የማይቀነስበት ብቸኛ ቦታ ደግሞ የኮሌጁ ዎርክሾፕ ነው።

፬. መካኒክ ሀ እና መካኒክ ለ

ኮሌጁን ስናመሰግን ግን ነገሩን ያለ ምርመራ ልናልፈው አይገባም። በአሜሪካ የመካኒክን ችሎታ የሚመሰክረው በ1972 የተቋቋመው፣ በአጭሩ ኤ ኤስ ኢ የሚባለው ድርጅት ነው። ለቤት መኪና ዋና ዋናዎቹ ፈተናዎች ስምንት ናቸው። ስምንቱንም ያለፈና የሥራ ልምዱን ያሟላ ሰው ማስተር ቴክኒሺያን ይባላል፤ ምስክር ወረቀቱንም በየአምስት ዓመቱ ያድሳል። የኮሌጆቹ ትምህርትም አከፋፈሉ በእነዚሁ በስምንቱ አርእስት ላይ የተመሠረተ ሆኗል። ስለዚህ የፈተናውን አጠያየቅ መመርመር ትምህርቱን ራሱን መመርመር ነው።

የታወቀው አጠያየቅ እንዲህ ነው። አንድ መኪና ፍሬን ሲረገጥ ወደ ግራ ይስባል። መካኒክ ሀ «በቀኝ የፊት ጎማ ያለው የፍሬን ፒስተን ደርቆ ሊሆን ይችላል» ይላል። መካኒክ ለ «በቀኝ የፊት ጎማ ያለውን የፍሬን ሸራ ዘይት ነክቶት ሊሆን ይችላል» ይላል። ትክክል የተናገረው ማን ነው? ሀ ብቻ፣ ለ ብቻ፣ ሁለቱም፣ ወይስ ሁለቱም አይደሉም? በዚህ ምሳሌ መልሱ «ሁለቱም» ነው፤ በሁለቱም ምክንያት የቀኙ ፍሬን ስለሚደክም የግራው ይበረታል።

በቤተ ክህነት ትምህርት የአንድምታን ትርጓሜ የሰማ ሰው ይህንን አጠያየቅ እንደ እንግዳ ነገር አያየውም። መምህሩ አንድ ቃል ያነሣና «አንድም» እያለ ትርጓሜ በትርጓሜ ላይ ይደረድራል፤ ሁለተኛው ትርጓሜ የመጀመሪያውን አይሽረውም። መካኒክ ሀ እና መካኒክ ለም እንዲሁ ናቸው። ፈተናው ተማሪውን ለአንድ ምልክት ከአንድ በላይ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል ያስተምረዋል፤ ይህም ለችኩል ሰው ትልቅ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ጋራዥ ውስጥ የቆመችው መኪና አንዲት ናት፤ የሳበችውም በአንድ የታወቀ ምክንያት ነው። ፈተናው «ምን ሊሆን ይችላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሥራው ግን «በዚህች መኪና ላይ የትኛው እንደሆነ በምን ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል። የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚመልሰው በሚገባ የተደረደረ ዕውቀት ነው። ሁለተኛውን የሚመልሰው ፍርድ ነው፤ ፍርድም ጎማውን ፈትቶ፣ ፒስተኑን ገፍቶ፣ ሸራውን በጣት ዳስሶ የሚገኝ ነው።

በዚህ ላይ የክሮፎርድ መጽሐፍና የፈተናው ወረቀት አንዱ የሌላውን ጉድለት ያሳያሉ። ክሮፎርድ ፍርድን ያከብራሉ፤ ፍርዱ የሚመርጥበትን የተደረደረ ዕውቀት ግን ከየት እንደሚመጣ አይነግሩንም። ፈተናው ዕውቀቱን ይደረድራል፤ ፍርዱን ግን መለካት አይችልም። ለዚህም ይመስላል ድርጅቱ ፈተና ማለፍን ብቻ በቂ አድርጎ ሳይቀበል የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ የሚጠይቀው፤ የኮሌጅ ትምህርት ያለውም ከዚህ ላይ አንድ ዓመት ይታሰብለታል። ሁለቱን ለማገናኘት የሚችለው በክፍል ውስጥ ያነበበውን በዚያው ዕለት በመኪናው ላይ የሚያስፈትን ትምህርት ቤት ነው። መምህሩ ሆን ብሎ አንድ መሥመር ቈርጦ «ፈልጉ» ሲል፣ ተማሪውም ያደረገውን ሙከራ በተራ እንዲጽፍ ሲያዝ፣ ትምህርቱ ሙሉ ይሆናል። መምህሩ ለፈተናው ብቻ ሲያዘጋጅ ግን ኮሌጁ ምርጫ ማጥቆርን ያስተምራል።

፭. ለእኛ አገር ያለው ትርጉም

አሁን ወደ «ሶፊያ» እንመለስ። ግሪኮች ጥበብን ከአናጢው ወስደው ለፈላስፋው ብቻ ሰጡት ብለው ክሮፎርድ ያዝናሉ። በእኛ ቋንቋ የሆነው ከዚህ የከፋ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ጠይብ እንለዋለን፤ ቃሉ ጠቢብ ከሚለው የግዕዝ ቃል የመጣ ነው። እንግዲህ ስሙን ጠቢብ ብለን አውጥተንለት ያንኑ ስም ስድብ አደረግነው፤ ቡዳ ነው ብለንም ከማዕድ አራቅነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ/ም ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው በአዋጅ ከለከሉ። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባውም በዚሁ በ1900 ዓ/ም ነው። አዋጁና መኪናው በአንድ ዓመት ወደ አገራችን ገቡ፤ መኪናው ግን ከአዋጁ ፈጥኖ ተስፋፋ ማለት ይቻላል።

ንቀቱ ዛሬ በሌላ ልብስ ይታያል። በ2015 ዓ/ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ/ም ከመቶ 5.4 ሆኑ። ለቀሩት ብዙውን ጊዜ የሚባለው «ቴክኒክና ሙያ ይግቡ» ነው። ምክሩ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ክፉው አነጋገሩ ነው። ሙያ የወደቀ ሰው ማረፊያ ተብሎ ሲጠራ መምህሩም፣ መሣሪያውም፣ በጀቱም በዚያው ስም ይለካል። ይህ ጸሐፊ በተማረበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የአናጢነት ሰዓት ነበር፤ ነገር ግን ማርክ ስላልተሰጠበት ለማትሪክ የምንዘጋጀው ተማሪዎች በሰዓቱ ሒሳብ እንሠራበት ነበር። የተነገረን ነገር አልነበረም፤ ያለ ማርክ የሆነ ነገር ዋጋ እንደሌለው ከሥርዓቱ ተረድተን ነው።

አንዳንድ ሰው በአገራችን ለመካኒክ ትምህርት ቤት አያስፈልገውም፤ በረዳትነት ይማራል ሊል ይችላል፤ ክሮፎርድንም ምስክር ሊጠራ ይችላል። በእርግጥ ከተግባረ እድ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1942 ከተከፈተው፣ ጀምሮ የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች ቢኖሩም ብዙው የጋራዥ ሰው የሠለጠነው ከመኪና ሥር ተኝቶ ካቻቢቴ በማቀበል ነው። በዚህም ትምህርት ድምፅ ሰምተው የሞተርን ሕመም የሚያውቁ ድንቅ ሰዎች ወጥተዋል። የጋራዡ ቋንቋ ይህንኑ ታሪክ ይመሰክራል፤ ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ ሁሉም ከጣልያንኛ በጆሮ የተወረሱ ናቸው። መመሪያው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ፣ የዕቃው ስም በጣልያንኛ፣ የሠራተኛው አሳብ በአማርኛ ሆኖ ሥራው እስከ ዛሬ ደርሷል።

ነገር ግን በ2016 ዓ/ም መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ገበያውም ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞሯል። የኤሌክትሪክ መኪና በጆሮ የሚታወቅ ድምፅ የለውም። ብርቱካንማ ቀለም ባለው ሽቦው ውስጥ የሚሄደው ኃይል በብዙዎቹ 400 ቮልት ያህል፣ በአንዳንዶቹም ከዚያ እጅግ የበለጠ ነው። ሠራተኛው ኃይሉን ቈርጦ፣ የተወሰነ ጊዜ ጠብቆ፣ የጎማ ጓንት አድርጎ፣ ባዶ መሆኑን በመለኪያ ካላረጋገጠ በቀር መንካት አይገባውም። ክሮፎርድ ስሕተት መልካም መምህር ነው ይላሉ፤ ለሞተር ብስክሌት እውነት ነው። በዚህ ላይ ግን ስሕተት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስተምር መምህር ነው። ረዳቱ ከመምህሩ በማየት ብቻ የሚማርበት ዘመን በዚህ ምክንያት እያበቃ ነው፤ መምህሩ ራሱ ያልተማረውን ለረዳቱ ሊያሳየው አይችልም።

ስለዚህ ከመጽሐፉ የምንወስደው ምስጋናውን ብቻ እንዳይሆን ያስፈልጋል። መካኒክን ጠቢብ ብሎ መጥራት ቀላል ነው፤ እኛማ አንድ ጊዜ ጠርተነው ነበር። የሚከብደው ጥበቡን በተራ ጽፎ፣ በዎርክሾፕ ፈትኖ፣ ለማሰብ ጊዜ ሰጥቶ ለማንኛውም ወጣት የሚያስተላልፍ ትምህርት ቤት ማቆም ነው። የአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከነጉድለቱ ለዚህ አንድ ምሳሌ ይሆነናል፤ ፈተናውን ሳይሆን ክፍሉንና ዎርክሾፑን በአንድ ጣራ ሥር ማድረጉን ብንቀዳ ይጠቅመናል።

የዚህ መጽሔት አንባቢዎችም የበኩላችን ሥራ አለ። የቋንቋ ተማሪዎች የጋራዡን ቃላት ከነትርጉማቸው ቢሰበስቡ፣ የፊዚክስ ተማሪዎች የኤሌክትሪክ መኪናን የደኅንነት ደንብ በጋራዥ ሰው በሚገባ አማርኛ ቢጽፉ፣ የትምህርት ክፍል ተማሪዎችም ረዳት እንዴት እንደሚማር ጋራዥ ወርደው ቢያጠኑ፣ መምህራኖቻችንም ይህንን ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ አርእስት አድርገው ቢቀበሉት፣ ዶክተር ክሮፎርድ ያልጻፉትን ምዕራፍ በከፊል እኛ ልንጽፈው እንችላለን።